ከወንበሩ በፊት ቧንቧው
የጥርስ ሕክምና ክፍል ለሚከፍቱና ቦታ ለሚያከራዩ ወገኖች

እስካሁን በዚህ ዓምድ ስለ ታክሲ ወጪ አያያዝ፣ ስለ ሱቅ የሽያጭ ግብርና በየሩብ ዓመቱ ስለሚከፈለው ቅድሚያ ግብር ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ አንዳንዶቻችሁን «ይህ ሰው ምን ነካው?» የሚያሰኝ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም በጥርስ ሕክምና ክፍል ውስጥ የውኃው፣ የፍሳሹ፣ የአየሩና የኤሌክትሪኩ መስመር እንዴት መታቀድ እንዳለበት ነው።

ባለ ታክሲና ባለ ሱቅ ከጥርስ ሐኪም ቧንቧ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ወደየቤታችን ከገባ ቆይቷል። በዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ታክሲ እየነዳችሁ፣ ሱቅ እየጠበቃችሁ ካሳደጋችኋቸው ልጆች መካከል ለጥርስ ሐኪምነት የበቁ አሉ። ልጅቱ «የራሴን ክሊኒክ ልክፈት» ስትል የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚያወጣውና ባንክ ፊት ቀርቦ በዋስነት የሚፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ የሱቁን ሕንፃ ገዝቶ ከፊሉን የሚያከራይ ነው፤ እርሱም ዘንድ የጥርስ ሐኪም ተከራይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በሁለቱም በኩል የሚፈሰው የእኛው ገንዘብ ነው።

የአንድ አባት ታሪክ

አንድ ደንበኛዬ ከሃያ ዓመት በላይ በአውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አባት ናቸው። ልጃቸው የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ጨርሳ፣ ጥቂት ዓመታት በሰው ክሊኒክ ከሠራች በኋላ የራሷን ለመክፈት ተነሣች። እርሳቸውም በመኖሪያ ቤታቸው ላይ ተበድረው አገዟት። ያገኙት ቦታ በአንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀድሞ የኢንሹራንስ ቢሮ የነበረ፣ ንጹሕና ብርሃን ያለው፣ የመኪና ማቆሚያውም ሰፊ ነበር። አከራዩ «የሁለት ወር ኪራይ በነጻ» ብሎ ሲያባብላቸው አባትና ልጅ የአሥር ዓመት ውል ፈረሙ። ውሉን ይዘው ወደ እኔ የመጡት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ወንበሮቹ ታዘዙ። ኮንትራክተሩ መጥቶ ወለሉን ከመረመረ በኋላ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «መስመሩ በየት በኩል ያልፋል?»

የጥርስ ሕክምና ወንበር ውኃውንም፣ አየሩንም፣ ፍሳሹንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከወለሉ ነው። ክፍሉ ምድር ላይ ከሆነ ኮንክሪቱ ተቆርጦ ቦይ ይቆፈራል። ሁለተኛ ፎቅ ከሆነ ግን ቧንቧው የሚዘረጋው ከታች ባለው ተከራይ ጣሪያ ውስጥ ነው። ከታች የነበረው ተከራይ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ ግሮሰሪ ሲሆን፣ ባለቤቱም የአገራችን ሰው ነው። ውሉ ደግሞ ወደ ታችኛው ጣሪያ ስለ መግባት አንዲት ቃል አልነበረውም።

አባትየው ወርደው ግሮሰሪውን አነጋገሩት። የሰጣቸው መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ የእኔም ልጅ ናት። ግን እኔም ከእነዚህ መደርደሪያዎች ሌላ ሀብት የለኝም። ሌሊት ቧንቧው ፈንድቶ ውኃው በጤፉና በበርበሬው ላይ ቢወርድ ማን ይከፍለኛል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልሱ ግን ቶሎ አልተገኘም። በአከራዩ፣ በግሮሰሪውና በኮንትራክተሩ መካከል ደብዳቤ ሲመላለስ ሁለቱ የነጻ ወራት አለቁ። ከዚያም በኋላ ክሊኒኩ ሳይከፈት አራት ወር ሙሉ በወር 6,000 ዶላር ኪራይ ተከፈለ። አንድም ጥርስ ሳይታከም 24,000 ዶላር ማለት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ! ከፊርማው በፊት ቦታውን ከቧንቧ ሠራተኛና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር አንድ ቀን ቢጎበኙት ኖሮ ይህ ሁሉ አስቀድሞ በታወቀ ነበር።

ወደ አንድ ወንበር ስንት መስመር ይሄዳል?

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ወንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ወለሉ ውስጥ፣ አንድ የመገናኛ ሳጥን ይኖራል። ወደዚህ ሳጥን ቢያንስ አምስት ነገሮች ይመጣሉ።

1ኛ/ ንጹሕ ውኃ። የራሱ መዝጊያና ማጣሪያ ያስፈልገዋል። በወንበሩ በኩል የሚያልፈው ውኃ ወደ ሕንፃው ንጹሕ ውኃ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከላከል መሣሪያም በሕግ ይጠየቃል። ብዙ ወንበሮች ሕመምተኛው አፍ ውስጥ የሚረጨውን ውኃ ከተለየ ጠርሙስ ይወስዳሉ። ምክንያቱም በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ተኝቶ የሚያድር ውኃ ተሕዋስያን ያራባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለተራ የጥርስ ሕክምና የሚውል ውኃ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ500 የበለጠ የባክቴሪያ ቁጥር እንዳይኖረው ይመክራል።

2ኛ/ የፍሳሽ መስመር። ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ቧንቧው መዝቀዝቀዝ አለበት። ለቀጫጭን የፍሳሽ ቧንቧዎች የተለመደው ሕግ በአንድ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ዝቅ ማለት ነው። ዋናው ፍሳሽ ከወንበሩ 40 ጫማ ቢርቅ ቧንቧው 10 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ከወለሉ ሥር ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ወንበሩን ወደ ፍሳሹ ማስጠጋት ነው። ፕላን ስታዩ መጀመሪያ ዋናው ፍሳሽ የት እንዳለ ጠይቁ።

3ኛ/ የታመቀ አየር። መሰርሰሪያው የሚሽከረከረው በአየር ግፊት ነው። ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት በካሬ ኢንች ከ80 እስከ 100 ፓውንድ ነው። አየሩ ደረቅና ዘይት የሌለበት መሆን ስላለበት የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር እዚህ አያገለግልም።

4ኛ/ መምጠጫ። ምራቁን፣ ደሙንና ውኃውን ከአፍ የሚስበው ቫኩም ነው። ቧንቧው በድንገት በቀጥታ ማዕዘን ከታጠፈ ቆሻሻ ይጠራቀምበታል፤ ስለዚህ መታጠፊያው ለስለስ ያለ ይሁን።

5ኛ/ ኤሌክትሪክ። ለወንበሩ፣ ለመብራቱና ለኮምፒውተሩ ያስፈልጋል። ከዚህ ጋር ለወደፊት የሚሆን አንድ ባዶ ቱቦ፣ መጎተቻ ገመድ ገብቶበት፣ አብሮ ቢቀበር ዋጋው ኢምንት ነው። ነገ አዲስ የራጅ መሣሪያ ሲመጣ ወለል ከመስበር ያድናል።

የሚያስቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድ የምትጠቀም ከሆነች ደግሞ የናይትረሱና የኦክሲጅኑ መስመር ይጨመራል። ይህን ተራ ቧንቧ ሠራተኛ አይነካውም። ለሕክምና ጋዝ የምስክር ወረቀት ያለው ሠራተኛ ዘርግቶት መመርመር አለበት። የጋዞቹ መስመር እርስ በርሱ ቢቀያየር የሰው ሕይወት ይጠፋል።

መጀመሪያ ወንበሩን ምረጡ፣ ከዚያ ቆፍሩ

ብዙ ሰው ቧንቧውን አስቀብሮ ወንበሩን በኋላ ይመርጣል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የመገናኛው ሳጥን የሚቀመጥበት ቦታ ከወንበር ወንበር ይለያያል። አንዳንዱ በወንበሩ እግር በኩል፣ ሌላው ከወንበሩ ሥር ይፈልገዋል። ሐኪሟ ግራኝ ከሆነች ደግሞ አቀማመጡ ሁሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ወንበሩን መርጣችሁ ከሻጩ የመትከያውን ንድፍ ተቀበሉ፤ ንድፉን ለቧንቧ ሠራተኛው ስጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወለሉ ይቆረጥ።

ሳይቆረጥ በፊት ግን ባለ ሕንፃው የወለሉን ዓይነት በጽሑፍ ይንገራችሁ። በአንዳንድ ሕንፃዎች ኮንክሪት ውስጥ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ የብረት ገመድ አለ። እርሱ በስሕተት ቢቆረጥ ሠራተኛውን ሊገድል፣ ሕንፃውንም ሊያናጋ ይችላል። እንዲህ ያለው ወለል በመሣሪያ ሳይመረመር አይነካም።

ቦዩ ተቆፍሮ ቧንቧው ከገባ በኋላ፣ ኮንክሪቱ ተመልሶ ሳይፈስ፣ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ይፈርም። ሳያይ ከተሸፈነ እንደገና አስከፍቶ ሊያይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሜትር ዘርግታችሁ በላዩ ላይ ፎቶግራፍ አንሡ። ከስድስት ዓመት በኋላ ቧንቧ ሲያፈስ ያ ፎቶግራፍ የወርቅ ዋጋ ያወጣል። ዛሬ ሦስት ክፍል የምትከፍቱ ብትሆኑና ለአራተኛ የሚሆን ቦታ ካለ፣ የአራተኛውንም መስመር አብራችሁ ቀብራችሁ ጫፉን ድፈኑት። ወለል ሁለት ጊዜ መስበር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

«ቧንቧውን በወለሉ ላይ አስሂደን የክፍሉን ወለል ከፍ እናድርገው» የሚል ኮንትራክተርም ታገኛላችሁ። ይቻላል፤ ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሕመምተኛ መግቢያ ያስፈልገዋል። በአካል ጉዳተኞች ሕግ ለአንድ ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ዘንበል ያለ መንገድ ይጠየቃል። ወለሉ 6 ኢንች ከፍ ካለ 6 ጫማ መንገድ ማለት ነው፤ ያንን ቦታ የሚበላው ኪራይ የምትከፍሉበት ክፍል ነው።

ኮምፕሬሰሩና ቫኩሙ የት ይቀመጡ?

ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ይሞቃሉም። ስለዚህ ከሕመምተኛ ክፍልና ከጎረቤት ግድግዳ የራቀ፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ፍሳሽ ያለው ትንሽ ክፍል ይፈልጋሉ። ቫኩሙ የሚተፋው አየር በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

የቫኩም ዓይነት ሁለት ነው፤ በውኃ የሚሠራና ያለ ውኃ የሚሠራ። በውኃ የሚሠራው ሲገዛ ይረክሳል፤ ግን ውኃ ይጠጣል። በደቂቃ ግማሽ ጋሎን ብቻ ይወስዳል ብንል፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሲሠራ 240 ጋሎን፣ በዓመት 200 የሥራ ቀን 48,000 ጋሎን ይሆናል። ለውኃው ብቻ ሳይሆን ለፍሳሹም ጭምር ትከፍላላችሁ። አከራዮች ሆይ፣ ውኃ በኪራዩ ውስጥ ተካቷል ብላችሁ ለጥርስ ሐኪም ከማከራየታችሁ በፊት የተለየ ቆጣሪ አስገቡ።

ስለ ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የቢሮ ፓነል ለኮምፒውተርና ለመብራት ተብሎ የተሠራ ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ ቫኩሙ፣ የራጅ መሣሪያውና መገልገያዎቹን በእንፋሎት የሚያጸዳው ማሽን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ብሬከር ይፈልጋሉ። ፓነሉ ስንት አምፔር እንደሆነና ስንት ባዶ ቦታ እንደቀረው ከፊርማው በፊት ይታይ። ሕመምተኛ የሚታከምበት ክፍል የመሬት ሽቦ ሕጉ ከተራ ቢሮ የጠበቀ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን «የሕክምና ክፍል ሠርተህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የራጁ ክንድ የሚሰቀልበት ግድግዳም ጂፕሰሙ ሳይለበጥ በፊት ከውስጥ በወፍራም ኮምፔንሳቶ ወይም በብረት ይጠናከር፤ አለዚያ ክንዱ ግድግዳውን ይዞት ይወድቃል።

ወደ ፍሳሽ ስለሚገባው ሜርኩሪ

የብሩ መሙያ፣ ማለት አማልጋም፣ ሜርኩሪ አለበት። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው ደንብ ከጁላይ 14 ቀን 2017 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ነባር ክሊኒኮች እስከ ጁላይ 14 ቀን 2020 ድረስ እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። በደንቡ መሠረት አማልጋም የሚሞላ ወይም የሚያወጣ ክሊኒክ በመምጠጫው መስመር ላይ ቢያንስ 95 በመቶውን የሚለይ መሣሪያ ማስገባት አለበት። አዲስ ክሊኒክ ደግሞ ወደ ከተማው ፍሳሽ መልቀቅ በጀመረ በ90 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ የሚሞላ ሪፖርት ያስገባል። መሣሪያው ማጣሪያው በየጊዜው ስለሚቀየር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊደርስበት የሚችል ቦታ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ይያዝለት።

የግሮሰሪው ጥያቄ መልስ

አሁን «ማን ይከፍለኛል?» ወዳለው ወንድማችን እንመለስ። መልሱ ሦስት ነገር ነበር። መጀመሪያ፣ ክሊኒኩ ማታ ሲዘጋ ውኃውን፣ አየሩንና ቫኩሙን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ መውጫው በር አጠገብ ተገጠመ። መስመሩ በሌሊት ቢፈነዳም የሚፈሰው በቧንቧው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ቀጥሎ፣ የክሊኒኩ ኢንሹራንስ ግሮሰሪውን ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ በስሙ የምስክር ወረቀት ሰጠው። በመጨረሻም ሥራው ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ዕቃው በፕላስቲክ እንዲሸፈንና ጣሪያው እንደነበረ እንዲመለስ በጽሑፍ ተስማሙ። ግሮሰሪው ፈረመ። በአገራችን ሰዓት ነው የተስማሙት፤ ኮንትራክተሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት እንዲጻፍለት ጠይቆ ነበር።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ገና ከጅምሩ በውሉ ውስጥ ሊገቡ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ የሚከተሉትን መያዙን ከጠበቃ ጋር እዩ።

ሀ/ ወለል ለመቁረጥ፣ በጎረቤት ጣሪያ ለማለፍና ቱቦ ወደ ውጭ ለማውጣት የአከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ መኖሩን፤

ለ/ የግንባታ ፈቃድ ቢከለከል ተከራይ መያዣውን ተቀብሎ ከውሉ መውጣት እንደሚችል፤

ሐ/ ኪራይ የሚጀምረው ከፊርማው ቀን ሳይሆን ፈቃድ ከተገኘበት ቀን ተነሥቶ መሆኑን፤

መ/ አከራዩ ለማሻሻያው የሚሰጠው ገንዘብ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል፤

ሠ/ ውሉ ሲያልቅ ቧንቧው ተደፍኖ ይቀራል ወይስ ወለሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚለውን።

አከራይ የሆናችሁም ይኸው ዝርዝር ይጠቅማችኋል። ፈቃድ ያለው ሠራተኛ፣ ኢንሹራንስና የተቀበረው መስመር ንድፍ ሳታገኙ ወለላችሁን አታስቆርጡ።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ

ክሊኒኩ ከመከፈቱ በፊት የተከፈለ ኪራይ እንደ ተራ ወጪ ወዲያው አይቀነስም። ይህ የመቋቋሚያ ወጪ ይባላል። በተከፈተበት ዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይቀነሳል፤ የቀረው በ180 ወር ይከፋፈላል። ጠቅላላው ወጪ ከ50,000 ዶላር ካለፈ ግን ያ 5,000 በዚያው ልክ እየተቀነሰ ይሄዳል። የእኚያ አባትና ልጅ 24,000 ዶላር ብቻውን ቢታይ፣ 5,000 ወዲያው ከተቀነሰ በኋላ 19,000 ይቀራል፤ ይህም በወር 105 ዶላር ከ56 ሳንቲም እየሆነ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። ገንዘቡ በአራት ወር ወጥቶ ጥቅሙ በአሥራ አምስት ዓመት ይመለሳል ማለት ነው።

በአንጻሩ፣ አገልግሎት ላይ በዋለ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ተከራዩ ከኪሱ አውጥቶ ያሠራው የውስጥ ማሻሻያ በአብዛኛው የ15 ዓመት ንብረት ተብሎ ይመደባል። ከጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ የተገኘ ከሆነ ደግሞ በፌዴራል ግብር በመጀመሪያው ዓመት መቶ በመቶ ሊቀነስ ይችላል። ወንበሩና ኮምፕሬሰሩም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ሁሉም ስቴት የፌዴራሉን ሕግ አይከተልም። የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ትንሽ ከሆነም ቅናሹን ለሚመጡት ዓመታት ማከፋፈሉ ሊሻል ስለሚችል ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ምከሩ። አከራዩ የከፈለበትን ሥራ ግን በአብዛኛው የሚቀንሰው አከራዩ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ የቧንቧው፣ የኤሌክትሪኩና የመሣሪያው ተለይቶ፣ ማን እንደከፈለ ተጽፎበት ይምጣ።

ክሊኒኩ አሁን ይሠራል። አባትየው በቀደም ዕለት የግብር ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው ሳለ እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድሜ፣ አሮጌ ታክሲ ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ ኮፈኑን አስከፍቼ፣ ከሥሩ ተኝቼ ነው የማየው። ያን ቦታ ግን ቀለሙን አይቼ ፈረምኩ።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ቦታም ኮፈን አለው፤ ወለሉና ጣሪያው ነው። ሳይከፈት አይፈረም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ለዛሬ በዚሁ እናብቃ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ለልጅ የንግድ ብድር በዋስነት መፈረም የወላጅን ቤት ምን ድረስ እንደሚይዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።